ስርቅታው ከየት መጣ?

ፔስሜከር፣ ብዙ ሰው «ባትሪ» የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግራ ትከሻ በታች ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ክብደቱ 50 ግራም የማይሞላ ማሽን ነው። ከእሱ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር አልፈው ልብ ውስጥ ይገባሉ። ልብ ሲዘገይ ማሽኑ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ልብም ይመታል። ባለቤቱ ይህ ሲሆን ምንም አይሰማውም። ሆኖም ደረቱ ላይ ሌላ ነገር የሚሰማው ብዙ ነው።

አንዱ ስርቅታ ነው። ከልብ ሥር ድያፍራም የሚባል የመተንፈሻ ጡንቻ አለ፤ ወደ እሱ የሚወርደው ነርቭ ልብን ታክኮ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ ይህን ነርቭ ካገኘው ከጎድን አጥንት ሥር ከልብ ምት ጋር እኩል ትር ትር ይላል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ጎን ቀይሮ ሲተኛ ይብሳል ወይም ይተዋል። ይህን ስርቅታ ውኃ መጠጣት አያቆመውም። ሐኪሙ ግን ቆዳ ሳይነካ ማሽኑን ከውጭ በኮምፒውተር አግኝቶ ኃይሉን ይቀንሰዋል። በድንገት የጀመረ ከሆነ ሽቦው ቦታውን ለቆ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት ይሻላል።

ሽቦው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል ብቻ በገባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ አንዳንዴ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ሳይናበቡ ይኮማተሩና ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። አንገት ላይ ትርታ፣ ድካምና ማዞር የሚመጣው ያኔ ነው።

ለሰሜን ወሎዋ ለግራና ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የሰውነትን እንቅስቃሴ እየለኩ ምቱን ያፈጥናሉ፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡ እንዲፈጥን ነው። ኮረኮንች ላይ ባጃጅ ሲንጣቸው ግን አንዳንዶቹ ባለቤታቸው የሚሠራ ይመስላቸዋል። ልብ ያለ ሥራ ይደልቃል፤ መንገዱ ሲያልቅ ይበርዳል። ይህም በኮምፒውተሩ የሚስተካከል ነው።

የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት የከርሰ ምድር ውኃን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ማሳ ላይ ስላደረሰ የሞተሩ ጥያቄም አይቀርም። ከሚሠራ ሞተር ቢያንስ አንድ ክንድ መራቅ፣ ደረትን አስደግፎ አለመጠገን ነው። ብየዳ ከዚያ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልክ ከማሽኑ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የደረት ኪስ ውስጥ አይግባ።

ራስን መሳት፣ ከላብ ጋር የሚመጣ የደረት ጭነት፣ ማሽኑ የተቀበረበት ቦታ መቅላት ወይም መምገል ቀጠሮ አይጠብቅም። ፔስሜከር የታመመ የልብ ደም ሥር እንዳይዘጋ አያደርግምና «ባትሪ አለኝ» ብሎ ሕመምን መናቅ አደገኛ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ባትሪው ድንገት ይከዳል የሚለው ፍርሃት ግን ከልክ ያለፈ ነው። እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይሠራል፤ መድከሙም በክትትል ከወራት በፊት ይታወቃል። በፈረንጆች 1958 ስዊድን ውስጥ ፔስሜከር ሰውነቱ ውስጥ የተቀበረለት የመጀመሪያው ሰው አርነ ላርሶን የመጀመሪያው ማሽኑ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽበትም 26 ማሽን እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው፤ ማስተካከያው ኮምፒውተር በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ የአንዱ ኩባንያ ኮምፒውተርም የሌላውን ማሽን አያነብም። ስለዚህ ከግራና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የማሽኑ ስምና ሞዴል የተጻፈበትን ካርድ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ፤ ከመነሳቱም በፊት ደውሎ የዚያ ኩባንያ ኮምፒውተር መኖሩን ይጠይቅ።