«አውልቀው» ለማለት በእንግሊዝኛ

ልጆቻቸውን በቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት ለሚያግዙ ወላጆች ይጠቅማል ብለን፥ በራሳችን ከደረሰው ስሕተት የተማርነውን አንድ ነገር ዛሬ እንጽፋለን።

ልጃችን የቤት ሥራውን ሲሠራ፥ ስለ ባርኔጣ የተነገረውን «አውልቀው» የሚለውን ቃል «ቴክ ኢት ኦፍ» ብሎ ጻፈ። እኛም «‹ቴክ ኦፍ› ማለት ማውለቅ ነው፤ ግሱን ለሁለት መክፈል አይገባምና ‹ቴክ ኦፍ ኢት› ብለህ አርመው» አልነው። እርሱም አባቱን አክብሮ ዝም ብሎ አረመው። በማግሥቱ ደብተሩ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ተመለሰ። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር ገልጦ በፊታችን አኖረው፤ እኛም የምንመልሰው አጣን።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ብንመረምረው ሥርዓቱ እንዲህ ሆኖ አገኘነው። የሚወገደው ነገር በስሙ ሲጠራ ቦታው ሁለት ነው፤ «ቴክ ኦፍ ዘ ሃት» ቢሉም «ቴክ ዘ ሃት ኦፍ» ቢሉም ትክክል ነው። በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በግሱና በተከታዩ ቃል መካከል ነው። ስለዚህ ስለ ጫማዎች «ቴክ ዜም ኦፍ»፥ ስለ ጥራጊ «ስሮው ኢት አዌይ»፥ ተሳስቶ ስለ ተጻፈ ቃል «ክሮስ ኢት አውት» ይባላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። በአማርኛችንም «አውልቀው፥ ጣለው፥ ሰርዘው» ስንል በመጨረሻ ያለችው «ው» ከግሱ ተጣብቃ አትለይም። የእንግሊዝኛውም «ኢት» እንደዚሁ ግሱን ተከትሎ ይቆማል እንጂ ከተከታዩ ቃል ኋላ አይሄድም።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጌት ኢት ኦፍ» እና «ጌት ኦፍ ኢት» ሁለቱም ይባላሉ፤ ትርጓሜያቸው ግን ይለያያል። ፊተኛው ከጣት አልወጣ ያለውን ቀለበት «አውልቀው» ማለት ነው፤ ሁለተኛው በወንበር ላይ የቆመውን ሕፃን «ከእርሱ ላይ ውረድ» ማለት ነው። እንግዲህ አስቀድሞ በአማርኛ መናገር ይረዳል፤ «ው» ብለን የምንጨርስ ከሆነ «ኢት» በመካከል ይገባል፤ «ከእርሱ» የምንል ከሆነ በመጨረሻ ይቀመጣል። ከዚህ መለያ የሚወጣ አነጋገርም አለ፤ «ጌት ሪድ ኦፍ ኢት» ማለት «አስወግደው» ሲሆን «ኢት» በመጨረሻ ነው። ይህን በቃል መያዝ ይሻላል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጅን ማረም መልካም ነው፤ የማናውቀውን ግን በአባትነት ሥልጣን ብቻ አናርም። «መምህርህን ጠይቅና ለእኔም ንገረኝ» ማለት አባትን አያዋርድም። እኛም ልጃችንን ጠርተን «እውነቱ ከአንተ ጋራ ነበር» አልነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሕተታችንን ሲያይ ሳይፈራ ይነግረናል።