ጉልት ተሰጥቶት አገሩን የተከለከለው ፖርቱጋላዊ

ተወልጄ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። እንግዳ ወደ ቦረና መጥቶ ሰንበት ያለ እንደሆነ ሽማግሌዎች «ሚስት ስጡትና ይቅር» እያሉ ሲቀልዱ እሰማ ነበር። ይህ ቀልድ ከ500 ዓመት በፊት በአንድ ሰው ላይ እውነት ሆኖ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው።

ሰውዬው ፔሮ ዳ ኮቪሊያ ይባላል። ስሙ የተወለደባት የፖርቱጋል ከተማ ስም ነው። ከታላቅ ቤት የተወለደ ባይሆንም በወጣትነቱ በስፔን የመዲና ሲዶኒያ መስፍንን አገለገለ፤ ኋላም የንጉሥ አፎንሶ 5ኛ ጋሻ ጃግሬ ሆነ። በዚያ ዘመን ጋሻ ጃግሬነት ወደ መኳንንት ተርታ መግቢያ ነበር። ዓረብኛ ያውቅ ስለነበር ቀጣዩ ንጉሥ ዦአው 2ኛ ለስለላ መረጠው።

እ.ኤ.አ. በ1487 ሚስቱን አገሩ ትቶ ከአፎንሶ ደ ፓይቫ ጋር ተነሣ። የታዘዙት ሁለት ነገር ነው፤ ቅመማ ቅመም የሚመጣበትን መንገድ ማጥናትና አውሮፓውያን «ፕሬስተር ጆን» የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ ማግኘት። ኤደን ላይ ተለያዩ። ኮቪሊያ ቫስኮ ዳ ጋማን ቀድሞ ሕንድ ደረሰ። ካይሮ ሲመለስ ግን ጓደኛው ሞቷል። በዚያም ሁለት አይሁዳውያን የንጉሡን ደብዳቤ ይዘው አገኙት፤ ቃሉም «ሥራህን ሳትጨርስ አትመለስ» የሚል ነበር።

እኛ አገር የገባው በ1493 ገደማ ነው። ዐፄ እስክንድር በክብር ተቀብለው በክብር ሊሸኙት ቃል ገቡ፤ ነገር ግን በ1494 ሞቱ። ዐፄ ናዖድ ሲነግሡ ፈቃድ ቢጠይቅ እምቢ አሉት። ኮቪሊያ በምትኩ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ የሚገዛው ምድርም ተሰጠው።

እዚህ ላይ ጉልት ምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ባለጉልት የምድሩን ግብር ይበላል፤ በለውጡ ንጉሡን ያገለግላል። ስለዚህ ጉልት ሽልማት ብቻ ሳይሆን ማሰሪያም ነበር። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ዓለምን የዞረ ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚለቀቅ አልነበረም። ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮንም በዚያው ዘመን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እዚሁ ኖሯል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለቦረናና ለሳይንት ሰዎች ሩቅ አይደለም። በበሽሎ፣ በዓባይና በወንጪት መካከል ያለው ደጋ ያኔ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናታቸውን ያሠሩትና የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ኮቪሊያን የከለከሉት ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት መካነ ሥላሴ በቤተ አምሐራ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጽመውት የአባታቸውን ዐፅም በዚያ አሳረፉ። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠለው።

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ ኮቪሊያ ሽማግሌ ሆኖ ቤተ መንግሥት አገኙት። አልቫሬዝ እንደጻፈው አስተዋይ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ በንጉሡ ዘንድም የተወደደ ሰው ነበር። የአገሩ ሰዎች ለጉዞ ሲሰናዱ ግን ናፍቆቱ ተቀሰቀሰ። ከእነርሱ ጋር ሆኖ ዐፄ ልብነ ድንግልን ለመነ፤ ፈቃድ አላገኘም። መልእክተኞቹ በ1526 ሄዱ፤ እሱ ቀረ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ኮቪሊያን የሚያነሡት የሕንድን መንገድ ስለሰለለ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቤቱ ነው። ለአንዱ ንጉሥ ሲታዘዝ የፖርቱጋሏን ሚስቱን ተለየ፤ ሌላው ንጉሥ ሲያከብረው ደግሞ መመለሻ አጣ። ሁለቱም ነገሥታት ወደውት ነበር፤ ሁለቱም ግን «ቤትህ የት ነው?» ብለው አልጠየቁትም። እነሆ ዛሬ «ሚስት ስጡትና ይቅር» ሲባል ብሰማ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ ግን የዚያች ፖርቱጋል የቀረች ሴት ነገር ትዝ ይለኛል።