ምዕራፍ 6፦ እንዳለ የሚነሳ ባክአፕ

አንድ ሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ፕሮግራሞቹን፣ የሂሳብ መዝገቡንና የደንበኞቹን ማኅደር እንደያዘ በጥቂት ፋይሎች ተጠቃሎ በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይህንኑ ነው። ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ1999 ቴክኖሎጂውን በተራ የግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ አድርጎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የፋይሎቹ ዓይነት እየበዛ ሄዷል። የዲስኩ ፋይል በቪኤምዌር ዘንድ ቪኤምዲኬ፣ በማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ቪኤችዲኤክስ፣ በሊኑክሱ ኬቪኤም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪውካው2 ይባላል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ፋይል ትቀመጣለች፤ ለማሽኑ ስንት ሜሞሪና ስንት ፕሮሰሰር እንደሚሰጠው፣ ከየትኛው ኔትወርክ ጋር እንደሚገናኝ የምትናገር። ማሽኑ ከነዚህ ሌላ አካል ስለሌለው፣ የፋይሎቹ ትክክለኛ ቅጂ ራሱ ማሽኑ ነው፤ ፎርማቱን የሚያውቅ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ባለበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢያስቀምጡት ይነሳል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ከምንይዛቸው ባክአፖች ቢያንስ አንዱ ይህን ባሕርይ ሳያጣ፣ ፈቺ ሳያስፈልገው እንዳለ የሚነሳ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ብዙዎቹ የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። የዲስኩን ፋይል ይቆራርጡታል፤ የተደጋገመውን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ያምቁታል፤ ከዚያም በራሳቸው ፎርማት በራሳቸው ማከማቻ ይከቱታል። ይህ ቦታ ይቆጥባል፤ ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ዋጋው የሚታወቀው ግን ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ነው። ያን ቀን በመጀመሪያ የባክአፕ ሶፍትዌሩ ራሱ መነሳት አለበት። የትኛው ቁራጭ የየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚያውቀው ማውጫ ሳይበላሽ መገኘት አለበት። ቅጂው ከተቆለፈ ቁልፉ፣ ሶፍትዌሩ ፈቃድ ከጠየቀ ፈቃዱ፣ ቅጂው በቆየ እትም ከተሠራ ያን እትም ማንበብ የሚችል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ መሟላታቸው አይረባም። ይባስ ብሎ የባክአፕ ሶፍትዌሩ በወደቀው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ የነበረ ቨርቹዋል ማሽን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሶፍትዌር ዓመታዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ በሚፈጸምባት ኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ክፍያው የዘገየበት መሥሪያ ቤት የራሱን መረጃ ለማንበብ የሻጩን ፈቃድ መጠበቅ የለበትም።

በይፋ ከተዘገቡ አደጋዎች መካከል የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት በሚሰጠው በጊትላብ ላይ የደረሰውን ያህል የሚያስተምር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ መሐንዲስ ዋናውን ዳታቤዝ ከተጠባባቂው ጋር አምታቶ መሰረዝ ጀመረ፤ ትእዛዙን ሲያቋርጥ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ነበር። ድርጅቱ ለባክአፕ ደንታ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በየቀኑ ዳታቤዙን ወደ ሌላ ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም አሰማርቶ ነበር። ነገር ግን የሚገለብጠው ፕሮግራም የ9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ የ9.6 እትም በመሆናቸው ሥራው ይከሽፍ ነበር፤ ክሽፈቱን የሚያስታውቁት ኢሜይሎችም ተቀባይነት ስላላገኙ ማንም አላያቸውም። ጊትላብን ያወጣው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ሲባል በእጅ የተወሰደ የዲስክ ስናፕሾት፣ ማለትም የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ምስል፣ ነው። ስናፕሾቱ የዳታቤዙን ፋይሎች እንደነበሩ ስለያዘ፣ የሚተረጉመው ፕሮግራም እትሙ ይስማማል አይስማማም የሚል ጥያቄ አልተነሳም። ሆኖም የተቀመጠበት ዲስክ ዘገምተኛ ስለነበር ወደ ዋናው ሰርቨር መቅዳቱ ብቻ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ በመካከል የተሠራው ሥራም፣ ከነዚህም 5,000 ያህል ፕሮጀክቶችና 700 ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎች፣ ሳይመለስ ቀረ። እንዳለ የሚነሳ ቅጂም ቢሆን በመርሐ ግብር በየጊዜው ካልተወሰደ፣ ማሽኑን ለማሠራት አቅም ባለው ዲስክ ላይም ካልተቀመጠ፣ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ በሥራ ላይ ያለን ማሽን ፋይል ዝም ብሎ መቅዳት የተበላሸ ቅጂ ይሰጣል። እውነት ነው። ቅጂው አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ የፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ ሰዓት የሚለያዩ ሁለት ጊዜያትን ይዘው ይቀራሉ፤ ይህ መብራት በድንገት ከመጥፋቱም የከፋ ነው። መፍትሔው መቅዳትን መተው ሳይሆን ከመቅዳት በፊት ማሽኑን ለአፍታ ማስከን ነው። በዊንዶውስ ቪኤስኤስ የተባለው አገልግሎት ዳታቤዞች በሜሞሪ የያዙትን ወደ ዲስክ እንዲያወርዱ ያዛል፤ በሊኑክስ ማሽኖች ውስጥ የሚጫነው የኬሙ እንግዳ ወኪል የተባለው ፕሮግራም የፋይል ሲስተሙን ያስቆማል። በዚያች ቅጽበት ስናፕሾት ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል ስለሚሄድ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀዳል፤ ቅጂው ሲያልቅ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ስናፕሾቱን ራሱን እንደ ባክአፕ መቁጠር ግን አደገኛ ስሕተት ነው። የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ለውጡን ብቻ የያዘው ፋይልም ያለ ዋናው አይነሳም። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳያቆዩ ይመክራል።

የቦታው ጥያቄ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። መቆጠቡን ለባክአፕ ፎርማቱ ከመተው ይልቅ ከሥር ላለው የፋይል ሲስተም ማስረከብ ይቻላል። ዜድኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ በየዕለቱ ስናፕሾት ሲይዙ ቦታ የሚወስደው የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው፤ የየቀኑ ቅጂ ግን ሲከፈት ሙሉ ፋይል ሆኖ ይታያል። እምቅታውንም እዚያው ይሠሩታል። ለዚህ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እንደ አርሲንክ ባለ ፕሮግራም የሚቀዳ ሰው የተለወጠውን ክፍል እዚያው ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ በየቀኑ አዲስ ፋይል ስለሚፈጥር ቁጠባው ከንቱ ይሆናል። እንደ ቪም ያሉ ሶፍትዌሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማሽኑን ከታመቀው ባክአፕ በቀጥታ ማስነሳት መቻላቸውም መልካም ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ሶፍትዌሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ነው። ሁለተኛ ቅጂ አድርጎ መያዙን እደግፋለሁ፤ ብቸኛ ቅጂ ማድረጉን አልደግፍም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የደኅንነቱ ተቃውሞ ነው። ለባለቤቱ በቀላሉ የሚከፈት ፋይል ለሌባም በቀላሉ ይከፈታል፤ ራንሰምዌርም ያለ ችግር ይቆልፈዋል። ስለዚህ የባክአፕ ሰርቨሩ ፋይሎቹን ራሱ መጥቶ ይውሰድ እንጂ፣ ሥራ ላይ ያለው ሰርቨር ወደ ባክአፑ የሚያስገባ የይለፍ ቃል አይኑረው። የቆዩት ስናፕሾቶች የማይጻፍባቸው ይሁኑ፤ አንድ ቅጂም ከኔትወርክ ተነቅሎ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ። ስርቆትን ለመከላከል ዲስኩ በሙሉ በሊኑክሱ ላክስ ቢቆለፍ፣ በውስጡ ያሉት ፋይሎች ፎርማታቸውን ሳይለውጡ ይጠበቃሉ። ቁልፉ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ አይቀመጥ።

አሁን የቀረው መሞከር ነው። ሲሞክሩ ቅጂውን በቀጥታ አያስነሱ፤ የተነሳ ማሽን በዲስኩ ላይ መጻፍ ስለሚጀምር ባክአፑ ይለወጣል። በላዩ የለውጥ ፋይል ይክፈቱ ወይም ከስናፕሾቱ ክሎን ያውጡ። ኔትወርኩንም ያላቁ፤ አንድ ስምና አንድ አድራሻ ያላቸው ሁለት ማሽኖች ከተገናኙ ሥራ ላይ ያለውን ያውካሉ። ባክአፑን የሠራው ሶፍትዌር ያልተጫነበት ኮምፒዩተር ይምረጡ፤ ማሽኑ ሲነሳ ዳታቤዙን ይክፈቱና የመጨረሻው መዝገብ የስንት ሰዓት እንደሆነ ይመልከቱ። የሚቀጥለውን ምዕራፍ ከመጀመርዎ በፊት ይህን በአንድ ማሽን ላይ እንዲያደርጉት አጥብቄ እጠይቃለሁ።