የኬብሉ ሹሩባ በየት በኩል ይታሰር?

የጊታር አምፕሊፋየር «ይጮኻል» ተብሎ ሲመጣልኝ ጆሮዬን አስቀድማለሁ፤ ቴስተሩ ይደርሳል። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ «ኡምም» ከሆነ 50 ኸርዝ ነው፤ የመብራቱ ኃይል በሆነ ቀዳዳ ሲግናሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሸካራና ቀጠን ያለ ከሆነ ደግሞ 100 ኸርዝ ነው፤ ሬክቲፋየሩ የሞገዱን ድግግሞሽ እጥፍ ስለሚያደርገው ጥርጣሬዬ ያረጁ የፊልተር ካፓሲተሮች ላይ ያርፋል። ለዚህኛው ሺልድ (የመዳብ ሹሩባ) ያለው ሽቦ ቢቀያየር ፋይዳ የለውም። ቀጥሎ ቮልዩሙን እዘጋለሁ። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው። ጊታሩን ስነቅለው ዝም ካለም ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ጃኮች ባዶ ሲሆኑ ግብአቱን ራሳቸው ግራውንድ ላይ ይደፉታልና።

እነዚህ ሁሉ ታልፈው ጣቴ በግብአት ጃኩና በመጀመሪያው ቱዩብ መካከል ያለችው አጭር ሽቦ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ከጊታሩ የሚመጣው ሲግናል የአንድ ቮልት አንድ አስረኛ ገደማ ነው፤ 12ኤኤክስ7 ቱዩብ በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ከ50 ጊዜ በላይ ያባዛዋል፤ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ደረጃዎች ይጠብቃሉ። እዚህ ቦታ ላይ የገባች አንዲት ሚሊቮልት ስፒከሩ ጋ ስትደርስ የሰፈር ወሬ ትሆናለች። ሺልድ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሹሩባውን ስናስር የምንሠራው ስህተት የሚጀምረው ግን ከጊታር ገመዱ ነው። ከጊታር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ የመዳብ ሹሩባው በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ነው፤ መሆንም አለበት፤ የሲግናሉ መመለሻ መንገድ እሱ ነውና። ይህን የለመደ እጅ አምፕሊፋየሩን ሲከፍት የውስጡንም ሽቦ በሁለት በኩል ይበይደዋል። እዚያ ውስጥ ግን ጃኩም ሆነ የቱዩቡ ካቶድ በየራሳቸው መንገድ ግራውንድ ላይ ደርሰዋል። ሹሩባው በሁለት በኩል ሲጨመር ቀለበት ይዘጋል፤ የተዘጋ ቀለበት ደግሞ ከፓወር ትራንስፎርመሩ የሚፈሰውን መግነጢስ የሚለቅም ባለ አንድ ዙር ጥቅል ነው። በዚያ ላይ በቻሲው ውስጥ የሚያልፈው የሬክቲፋየሩ ከረንት ከፊሉ በሹሩባው በኩል መንገድ ያገኛል። ሊከላከል የገባው ሽቦ ራሱ ጩኸት ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በውስጥ ሽቦ አንዱ ጫፍ ብቻ። የትኛው? ባለሙያዎች በዚህ ላይ ብዙ ይከራከራሉ፤ በድምፅ ደረጃ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ክርክሩ ከሚገባው በላይ ይረዝማል ባይ ነኝ። እኔ በጃኩ በኩል አስራለሁ፤ ምክንያቴም ከድምፅ ይልቅ ከደህንነት ጋር የተያያዘ ነው። በ12ኤኤክስ7 ሶኬት ላይ ሲግናሉ የሚገባው በ2ኛው እግር ሲሆን ጎኑ ያለው 1ኛው እግር ፕሌት ነው፤ ከ100 ቮልት በላይ ይዟል። ከሹሩባው አፈንግጣ የወጣች አንዲት ቀጭን ሽቦ እዚያ ብትነካ የፕሌቱን ሬዚስተር ልታቃጥል ትችላለች። የሶኬቱን ጫፍ በደንብ ቆርጬ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለብሰዋለሁ።

ሥራው ትክክል መሆኑን ማየት ቀላል ነው። ስፒናው ይነቀል፤ ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ በሬዚስተር ይራገፉ። ከዚያ የታሰረውን ጫፍ ፈትቶ ከሹሩባው ወደ ቻሲው በቴስተር መለካት ነው። ቴስተሩ አሁንም ከጮኸ፣ ሹሩባው ሳናውቀው ሌላ ቦታ ተነካክቷል።

የመዳብ ሹሩባ የኤሌክትሪክ መስክን እንጂ የ50 ኸርዝ መግነጢስን አያቆምም። ለዚያ መድኃኒቱ ርቀት ነው። የቱዩቡን ማሞቂያ 6.3 ቮልት የሚያመጡት ሽቦዎች እርስ በርስ ተገምደው የቻሲውን ጥግ ይያዙ፤ ከሲግናል ሽቦ ጋር መገናኘታቸው ግድ ከሆነም በመስቀል ይለፉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ። አምፕሊፋየሩና ኪቦርዱ በአንድ ላይ ሲሰኩ የሚፈጠረውን ጩኸት ለማጥፋት የስፒናውን የኤርዝ እግር ቆርጦ የሚያመጣ ሙዚቀኛ አለ። ጩኸቱ በእርግጥም ይቀንሳል። የጊታሩ ክር ግን በሹሩባው በኩል ከቻሲው ጋር የተገናኘ ነው፤ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላላ 220 ቮልቱ ክሩ ላይ ይወጣል፤ ዘፋኙ ደግሞ ከንፈሩን ኤርዝ ያለው ማይክሮፎን ላይ አድርጓል። እንዲህ ያለውን ስፒና ሳልቀይር ዕቃውን አልመልስም፤ ባለቤቱ ቢቆጣም። ለዚያ ጩኸት ትራንስፎርመር ያለው አይሶሌተር አለ። ባለሦስት ቀዳዳ ሆኖ ከኋላው የኤርዝ ሽቦ የሌለው የግድግዳ ሶኬትም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ እሱ የቤቱ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም «ትንሽ ይቀራል» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። ጊታሩን ሳየው ብዙ ጊዜ ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ነው፤ ጩኸቱን የሚለቅመው ፒክአፑ ራሱ ነው። የጊታር አምራቹ የጊብሰን መሐንዲስ እንደነበረው ሴት ላቨር ያሉ ሰዎች ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝተው ጩኸቱን የሚሽረውን ፒክአፕ የሠሩት ለዚህ ነው፤ ላቨር የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው በ1955 እ.ኤ.አ. ነበር። ፒክአፕ መቀየር ለማይፈልግ ሰው ግን «ወንበርህን ከአምፕሊፋየሩ አርቀህ ወደ ጎን አዙረው» እለዋለሁ። ለዚህ ምክር ሂሳብ አልቀበልም።