ከአንድ አብነት ብዙ ቅጂ፦ ብዙ ሰርቨሮችን በየዙሩ ስለማዘጋጀትና ስለማሰማራት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀና መንገደኛ መጀመሪያ ሐይቅን፣ አለፍ ሲል ደግሞ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ውጫሌን ያገኛል። እነዚህ ሁለት ቦታዎች ለታሪክ ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ልናስረዳው ላሰብነው የኮምፒዩተር ሥራም ትምህርት የሚሰጡ ናቸው። ርዕሳችን ብዙ ሰርቨሮችን በየዙሩ አዘጋጅቶ የማሰማራት ጉዳይ ነው። ነገሩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ «አንተ ኮምፒዩተር ትችል የለ፤ እስቲ ይኸን አስተካክልልን» መባላችን አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ ብናውቀው ይበጃል።

ሰርቨር ምንድን ነው?

ሰርቨር ማለት ባጭሩ ሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚጠይቁትን የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ የጠየቀውን ሁሉ እንደሚያስተናግድ፣ ሰርቨርም በውስጡ ያለውን ለጠያቂዎቹ ያድላል። የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ኮምፒዩተር በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነው። ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ የትምህርት ፕሮግራም ከጫንበት፣ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ መጻሕፍትን፣ የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በገመድ አልባ መረብ ለተማሪዎች ያቀርባል።

መምህራኖቻችን የፕላዝማውን ዘመን ያስታውሳሉ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። አንዱ ትምህርት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፋል፤ በዚያች ሰዓት መብራት የጠፋበት ክፍል ትምህርቱ አመለጠው ማለት ነው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ግን መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ትምህርት ደግሞ ያቀርባል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ችግሩስ? ችግሩ ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ሲሆኑ ሰርቨሮቹም ብዙ መሆናቸው ነው። 1 ሰርቨር ማዘጋጀትና 20 ሰርቨር ማዘጋጀት ደግሞ የተለያየ ሥራ ነው።

እኛ የፈጸምነው ስሕተት

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን 12 ትንንሽ ሰርቨሮችን ለ12 ትምህርት ቤቶች እንድናዘጋጅ ተጠይቀን ነበር። አንዱን አሳምረን ሠራንና ሌሎቹን 11 በአንድ ሌሊት ገለበጥን። በማግሥቱ አንዱን በባጃጅ፣ አንዱን በአውቶቡስ እያልን ሁሉንም ላክናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሠሩ፤ እኛም ደስ አለን።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ተመልሶም መጣ። ሰርቨሮቹ በሩ፤ የትምህርቱ ፕሮግራም ግን አልተነሣም። ለካስ መብራት በተመለሰ ቁጥር ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ የሚያዘውን አንድ መስመር ረስተን ነበር! እኛ ዘንድ በሙከራው ሌሊት መብራት ስላልጠፋ ጉድለቱ አልታየንም። ስሕተቱ አንድ ነበር፤ ግን 12 ጊዜ ተገልብጧል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በየትምህርት ቤቱ ስላልነበረ፣ ሁሉንም እየዞርን ለማስተካከል ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀብን። ያ ሳምንት ደግሞ ተማሪዎቹ ለፈተና የሚዘጋጁበት ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የኛ የጥድፊያ ውጤት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ እንዴት መሥራት ነበረብን? ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ሀ. አብነቱን ማዘጋጀት

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ካደራጁ ወዲህ ቦታው የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኖ እንደኖረ ይታወቃል። በብራና ዘመን መጽሐፍ የሚበዛው በመገልበጥ ነው። ቁም ጸሐፊው ከፊቱ የሚያስቀምጠው አብነት ስሕተት ካለበት፣ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር የሚያባዛው ስሕተትን ነው። ስለሆነም አስቀድሞ አብነቱ ይመረመራል።

በሰርቨርም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰርቨር ብቻ ይዘጋጃል፤ ፕሮግራሙና ትምህርቱ ይጫንበታል። ከዚያም ሆን ብለን እናስቸግረዋለን። መብራቱን ነቅለን እንሰካለን፤ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን 10 ጊዜ። 30 ስልክ ባንድ ጊዜ እናገናኝበታለን። ሰዓቱን እናያለን፤ ምክንያቱም የራስቤሪ ፓይ ዓይነት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ባትሪ ካልተጨመረላቸው ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ሰዓት አይቆጥሩም። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ የሚያርማቸው የለም። ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ሰርቨር የተማሪን ውጤት በማይሆን ቀን ይመዘግባል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው አብነት የሚባለው። የአብነቱን ሙሉ ግልባጭ ባለሙያዎች «ኢሜጅ» ይሉታል።

ለ. የጋራውንና የየራሱን መለየት

ቅጂዎቹ በሁሉም ነገር አንድ መሆን የለባቸውም። ትምህርቱ፣ ፕሮግራሙና የሰዓት አቆጣጠሩ የጋራ ነው። ስሙ፣ የይለፍ ቃሉና የምሥጢር ቁልፉ ግን የየራሱ መሆን አለበት። 20 ሰርቨር በአንድ ስም ከተጠራ የትኛው እንደታመመ መለየት ያቅታል፤ በአንድ የይለፍ ቃል ከተቆለፈ ደግሞ አንዱን የከፈተ ሰው ሁሉንም ከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መዝገብ ይዘጋጃል። የሰርቨሩ ስም፣ የሚሄድበት ትምህርት ቤት፣ ተቀባዩ ሰው፣ የተላከበት ዙርና ቀን ይጻፍበታል። የይለፍ ቃሎቹ በሌላ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣሉ።

ሌላም ነገር አለ። ትእዛዛችንን የምንጽፍበት መንገድ ለውጥ ያመጣል። አንድን ሰው «ማብሪያውን ገልብጥ» ብንለው መብራቱ ጠፍቶ ከነበረ ይበራል፤ ትእዛዙን ብንደግምለት ግን መልሶ ያጠፋዋል። «መብራቱ በርቶ ይገኝ» ብንለው ግን አሥር ጊዜ ብንደግምም ያው በርቶ ነው የሚገኘው። ሰርቨርም የሚታዘዘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ያለ ስጋት እንደገና ከመጀመሪያው ማስነሣት ይቻላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አንሲብል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ትእዛዙ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ፕሮግራሙም በመረብ ከተገናኙት ሰርቨሮች ጋር በየተራ እያመሳከረ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ስንት ስንት በአንድ ዙር እንደሚሠራና ስንቱ ከከሸፈ ሥራው መቆም እንዳለበትም አስቀድሞ ሊነገረው ይችላል።

ሐ. ማመሳከር

አሁን ወደ ውጫሌ እንሂድ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመው እዚያ ነው። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት መገልገል ይችላሉ ይላል። የኢጣልያንኛው ግን ያንኑ ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም በዚሁ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ልዩነቱ ለኢትዮጵያውያኑ የታወቀው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት። ነገሩ በመጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦር ሜዳ ተቆረጠ።

እርግጥ የጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ቃል የሰፋ ነበር። ይሁን እንጂ ከአምባሰል የምንማረው ግልጽ ነው፤ ሁለት ቅጂዎች አንድ ናቸው የሚባለው አንድ ቦታ ስለተፈረሙ ሳይሆን ቃል በቃል ስለተመሳከሩ ነው።

ኮምፒዩተር ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው። ኤስ. ኤች. ኤ. 256 የተባለው ስሌት የአንድን ፋይል ይዘት በሙሉ አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የኢሜጁን አሻራ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ወደየካርዱ ከተገለበጠ በኋላም የየራሱን ስምና ቁልፍ ከመስጠታችን በፊት ከዚያው ጋር እናስተያያለን። አንድ ፊደል ከተለየ ያ ቅጂ አይላክም፤ እንደገና ይገለበጣል። ነገር ግን አሻራ የሚነግረን ቅጂው አብነቱን መምሰሉን ብቻ ነው። አብነቱ ራሱ ትክክል መሆኑን አይነግረንም። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር፤ 12ቱም ቅጂዎች ትክክለኛ ቅጂ ነበሩ፤ የተሳሳተ አብነት ትክክለኛ ቅጂ!

መ. በየዙሩ ማሰማራት

የዙር ጥቅም እንግዲህ እዚህ ላይ ይመጣል። የአብነቱን ጉድለት ሙከራ ያላወጣው እንደሆነ ኑሮ ያወጣዋል። ዋናው ነገር ሲያወጣው በአንድ ቦታ ላይ ይሁን ወይስ በ20 ቦታ ላይ የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ሰርቨሮች አሉን እንበል።

አንደኛ ዙር፦ 1 ሰርቨር ብቻ፤ ቶሎ ልንደርስበት በምንችለው ትምህርት ቤት፣ እንበል እዚሁ ሐይቅ ከተማ ውስጥ። አንድ ሙሉ ሳምንት እንጠብቃለን፤ በሳምንቱ ውስጥ መብራት ካልጠፋ ራሳችን እናጠፋዋለን።

ሁለተኛ ዙር፦ 3 ሰርቨሮች። ከሦስቱ አንዱ ሆን ተብሎ አስቸጋሪ ቦታ ይላካል፤ በአምባሰል ተራራማ ቀበሌ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትምህርት ቤት ቢሆን ይመረጣል። በከተማ የሠራ ሁሉ በደጋ ይሠራል ማለት አይደለምና።

ሦስተኛ ዙር፦ 6 ሰርቨሮች። አራተኛ ዙር፦ የቀሩት 10።

በየዙሩ መካከል አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «እንቀጥል ወይስ እንቁም?» መልሱ ስሜት ሳይሆን አስቀድሞ የተጻፈ መመዘኛ ነው። ሰርቨሩ መብራት ከጠፋ በኋላ በራሱ ተነሣ ወይ? ሰዓቱ ትክክል ነው ወይ? አንድ ተማሪ ያለ እርዳታ ትምህርቱን ከፈተ ወይ? ከነዚህ አንዱ «የለም» ከሆነ ቀጣዩ ዙር ይቆማል፤ አብነቱ ይታረማል፤ አሻራውም እንደ አዲስ ይመዘገባል። ቀድሞ የተላኩትም በአዲሱ ይተካሉ፤ አለዚያ በየትምህርት ቤቱ ልዩ ልዩ ሰርቨር ይዘን እንቀራለን።

ሒሳቡን እናስላው። አንዱን ሰርቨር ሄዶ ለማረም አንድ ቀን ቢፈጅ፣ ስሕተቱ በአንደኛው ዙር ከተገኘ ኪሳራው 1 ቀን ነው፤ በሁለተኛው ዙር ከተገኘ 4 ቀን። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልከን ከሆነ ግን 20 ቀን!

ሠ. የመመለሻ መንገድ

ከመላካችን በፊት «ቢበላሽስ?» ማለት ይገባል። ከየሰርቨሩ ጋር ቀድሞ በትክክል ይሠራ የነበረው ግልባጭ ያለበት ትርፍ ካርድና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ አብሮ ይላክ። አንድ መምህርም ካርዱን መለወጥ በእጁ ይለማመድ። እንዲህ ከሆነ ብልሽት ሲደርስ የሚጠፋው 10 ደቂቃ ነው፤ እኛ እስክንመጣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

ትልልቆቹም አልዳኑም

ይህን ጥንቃቄ የትንሽ ሰው ፍርሃት አድርጎ የሚያይ ቢኖር ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በአሜሪካ የሚገኘው ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ በዚያ ቀን አንድ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ሁሉ በየዙሩ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ለቀቀ። የፕሮግራሙ አንድ ክፍል 21 መረጃ ሲጠብቅ የቀረበለት 20 ብቻ ነበር። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሣም፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ወድቀው ነበር። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ፤ ብዙዎቹን ኮምፒዩተሮች ደግሞ ሰው እየሄደ አንድ በአንድ በእጁ ማስነሣት ነበረበት። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ማሻሻያዎቹን በየዙሩ ለመልቀቅ ወሰነ። ትምህርቱ እኛ ከባጃጁ መንገድ ላይ ከተማርነው ጋር አንድ ነው።

በአገራችንም ጉዳዩ እየከበደ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። የወረቀት ፈተና አንዱ ገጽ ቢደበዝዝ ሌላ ወረቀት ይታደላል፤ በፈተና ሰዓት የቆመ ሰርቨር ግን ክፍሉን በሙሉ ይዞ ይቆማል። ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ 12 ዓመት የተማረበትን የሚያሳይባት ያቺኑ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው፤ መገልገያው ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። አብነቱን መርምር፤ ቅጂውን አመሳክር፤ ጥቂት ልከህ ጠብቅ፤ የመመለሻውን መንገድ አዘጋጅ። እኛ የ12ቱን ትምህርት ቤቶች መዝገብ ከነስሕተቱ ጠብቀን አስቀምጠነዋል፤ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ጠይቆ ይመልከተው። የሚቀጥሉት ሰርቨሮች ሲመጡ የመጀመሪያውን ዙር የምንጀምረው በ1 ነው፤ ማን ይዞት እንደሚሄድ ግን ገና አልወሰንም። ፈቃደኛ የሆነ እጩ መምህር ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ቢጽፍ ደስ ይለናል።