መረሬ አፈር፣ ክረምትና ስንዴ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ አካባቢ ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስቆፍሮ ካላስወጣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅበት ሲሠጋ ይኖራል፤ ይህ ግንበኛን የሚያማርር መረሬ ግን ከተማው ሳይደርስበት ስንዴና ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ሲያበቅል የኖረ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ሜዳም ዛሬ ድረስ የሚታረስ፣ በአገራችን 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሸፍን ባለጸጋ መሬት ነው።

የመረሬው ረቂቃን የሸክላ ቅንጣቶች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ስለሚገኙ፣ ውኃ በመካከላቸው ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ሲደርቅም ተጨማዶ በጥልቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን የሐምሌ ዶፍ መግቢያ አጥቶ በማሳው ላይ ይተኛል፣ አለዚያም ለሙን አፈር ጠርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ ይሄዳል። በአንድ ሄክታር ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 10,000 ሊትር መሆኑን ያሰበ ሰው የኪሳራውን መጠን ያስተውላል።

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለውን ወቅት ዘርዕና ደመና ብሎ በአንድነት ሲጠራው፣ የመረሬው ገበሬ ግን ዘሩ በውኃ እንዳይበሰብስ ደመናው እስኪሳሳ ጠብቆ ስንዴውን በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መባቻ ይዘራል፤ ስለዚህም ክረምቱን ሙሉ በውኃ ብዛት ጾሙን ያደረው መሬት፣ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ በጥማት ይቀጣል። እኔ ይህን ጥማት የሰማይ ድርቅ ብዬ ለመጥራት አልደፍርም።

በሰሜን ሸዋ፣ በእነዋሪ፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን በእጃቸው እየከመሩ ሰፊ መደብ ከነቦዩ ማውጣትን ከጥንት ያውቁበታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ይህንኑ ጥበብ ወደ በሬ ጉልበት አዛውሮ፣ ሁለት ማረሻ በማጣመር 80 ሳንቲሜትር ያህል መደብና 40 ሳንቲሜትር ያህል ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ አዘጋጀ። ትርፉ ውኃ በቦዩ ስለሚወጣ ስንዴው ቀድሞ ይዘራል፤ ሥሩም ዝናቡ ሳያቋርጥ ወደ ጥልቁ ወርዶ በዚያ የተከማቸውን ርጥበት በበጋው ይጠጣል። ዝናብ በሚያንስበት በመልካሳ በኩል ግን ዘዴው ይገለበጣል፤ ቦዩ በየመካከሉ በአፈር ተገድቦ ውኃው ባለበት እንዲሰርግ ይደረጋል።

ርጥበቱ እንዳይባክን ከአጨዳ በኋላ ገለባን በማሳ ላይ መተው ትነትን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ገለባው የከብት መኖ፣ ኩበቱም ማገዶ በሆነበት አገር ይህን ምክር መስጠት እንደ አፍ አይቀልም። ስለዚህ ገለባህን ተው የሚል ባለሙያ ሁሉ አስቀድሞ በሬው በበጋ የሚበላውን ለገበሬው ያሳየው።