ተረት ወደ ጽሑፍ ሲገባ፦ ከጃፓን ሞኖጋታሪ እስከ ጀልቀባ በርሲሳ

በአዳማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



ዛሬ የማነሣው የጃፓን ጥንታዊ ትረካ ቢሆንም ጥያቄዬ ከዚህ ከስምጥ ሸለቆ የራቀ አይደለም። አንድ ሕዝብ ትረካውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጻፍ የሚጀምረው በማን እጅ ነው?

በሄይያን ዘመን (ከ794 እስከ 1185 እ.ኤ.አ.) የጃፓን ወንዶች ሊቅነት የሚለካው በቻይንኛ ጽሕፈት ነበር። ከቻይና ምልክቶች ቀልሎ የወጣው ካና ግን ድምፅን ስለሚወክል ሰው እንደሚናገረው ለመጻፍ አመቸ፤ «የሴት እጅ» የሚል ስምም ተሰጠው። ሞኖጋታሪ የተባለው ትረካ ያደገው በዚህ ፊደል ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ መንግሥት እመቤት የነበረችው ሙራሳኪ ሺኪቡ 54 ምዕራፎች ያሉትን የጌንጂን ታሪክ ጻፈች።

በእኛ አገር የቻይንኛን ስፍራ የያዘው ግእዝ ነበር። ገድሉ፣ ተአምሩና ክብረ ነገሥቱ በግእዝ ሲጻፉ የቤት ቋንቋ በአመዛኙ ከብራና ውጭ ቆየ። በባቱ አጠገብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶ ደሴት የተጠበቁት መጻሕፍት የዚያ ባህል ምስክሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በሮም የታተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ 14 ዓመት ቀድሞ፣ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ጀልቀባ በርሲሳ የተባለ የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ታትሞ ነበር። አዘጋጆቹ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ናቸው። አስቴር ካሰባሰበቻቸው የኦሮሞ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ብዙዎቹ በዚያ መጽሐፍ በግእዝ ፊደል ሰፈሩ።

ሁለቱን ሴቶች አንድ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ሙራሳኪ በቤተ መንግሥት ተቀምጣ ከልቧ ፈጠረች፤ አስቴር ከወገኖቿ ርቃ የሰማችውን አዳነች። የሚያገናኛቸው ግን ሊቃውንት ያልናቁትን ቋንቋ ሳይሆን የቤታቸውን ቋንቋ ለጽሑፍ የበቃ አድርገው ማየታቸው ነው።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የአገራችንን የትረካ ታሪክ ከ1908 ጀምሬ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ስናስተምር ከልብ ወለዱ በፊት የነበረውን ተራኪ ሁሉ እንሰርዛለን፤ አያቱ በኦሮምኛ ተረት የነገረችው ተማሪም ሥነ ጽሑፍ ከሌላ ቤት የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፦ በዚህ የዕረፍት ጊዜ ወደ ሞጆ፣ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ ስትመለሱ አንድ ተረት ከነተራኪው ስም ጽፋችሁ ኑ። ትምህርታችንን ከዚያ እንጀምራለን።